እናቶችን የሚያበረቱ አምስት መጻሕፍት



የመጋቢ ባለቤት እንደመሆኔ ከእናቶች አዘውትሬ የምሰማው ጥያቄ «የሚያበረታ መጽሐፍ ካለሽ እስቲ አውሺኝ» የሚል ነው። አራስ ልንጠይቅ ስንሄድ፣ ከሴቶች የጸሎት ፕሮግራም በኋላ፣ አንዳንዴም ቡና ተጠጥቶ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ በለሆሳስ ይጠየቃል። ነገሩ ስለ መጽሐፍ ቢመስልም ከበስተኋላው ሌላ ጥያቄ አለ። «ልጆቼ ላይ እጮኻለሁ፤ ጸሎቴ ቀዝቅዟል፤ መጽሐፍ ቅዱሴን ከከፈትኩ ሰንብቻለሁ፤ እግዚአብሔር እንደኔ ያለችውን እናት ምን ይላታል?» የሚል ጥያቄ ነው።

ለእንዲህ ያለች እናት የማይሆን መጽሐፍ መስጠት በደከመ አህያ ላይ ጭነት እንደመጨመር ነው። አንዳንዱ መጽሐፍ የፍጹም እናት ሥዕል ይስላል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ትጸልያለች፣ አትቆጣም፣ ቤቷ ሁልጊዜ የተስተካከለ ነው፣ ልጆቿ ጥቅስ በቃላቸው ይዘዋል። አንባቢዋ መጽሐፉን ስትዘጋ ከበፊቱ ይልቅ ተሰብራ ትነሣለች። በኢሳይያስ 40፥11 ያለው እረኛ ግን እንዲህ አያደርግም። ግልገሎቹን በብብቱ ይሸከማል፣ የሚያጠቡትንም በቀስታ ይመራል። ስለዚህ አንድን መጽሐፍ ስመርጥ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ይህ መጽሐፍ እናቲቱን ወዴት ያደርሳታል? ወደ ረጅም የሥራ ዝርዝር ወይስ ወደ እረኛው?

ከሁሉ በፊት ቃሉ

ማንኛውም መጽሐፍ የመጽሐፍ ቅዱስን ቦታ አይወስድም። ነገር ግን ለአንድ ዓመት የተመደበው የንባብ ዕቅድ ከብዶሽ ከሆነ ለጊዜው አስቀምጪውና በእናቶች ታሪክ ጀምሪ። ዘፍጥረት 16ን እና 21ን አንብቢ፤ በምድረ በዳ ልጇ እንዳይሞትባት የምታለቅሰውን አጋርን እግዚአብሔር አያት፣ የልጁንም ድምፅ ሰማ። አንደኛ ሳሙኤል 1ን እና 2ን አንብቢ። ልጅሽን ለእናትሽ ትተሽ በቤይሩት ወይም በዱባይ በሰው ቤት የምትሠሪ እህቴ፣ በተለይ ምዕራፍ 2 ቁጥር 19 ላይ ቆም በዪ። ሐና ከልጇ ርቃ ብትኖርም በየዓመቱ በልኩ ትንሽ መደረቢያ ትሠራለት ነበር። ዓይኗ ባያየውም እጇ ስለ እርሱ ይሠራ ነበር። ሁለተኛ ጢሞቴዎስ 1፥5 ደግሞ የአያቱን የሎይድን እና የእናቱን የኤውንቄን እምነት ያስታውሰናል። አባቱ ግሪካዊ እንደነበረ በሐዋርያት ሥራ 16 እናነባለን። ጢሞቴዎስ እምነትን የተማረው ከእነዚህ ሁለት ሴቶች ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግርሽ ስለ አምስት መጻሕፍት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ልጇ ከእምነት ለራቀባት እናት፦ የአውግስጢኖስ «ኑዛዜ»

ይህ መጽሐፍ ከ1600 ዓመታት በፊት፣ በ397 እና በ400 መካከል ገደማ ተጻፈ። ጸሐፊው የእኛው አህጉር ሰው ነው፤ የተወለደበት ታጋስቴ በዛሬዋ አልጄርያ ይገኛል። እናቱ ሞኒካ አማኝ ነበረች። እርሱ ግን በወጣትነቱ ማኒ የተባለውን ሰው የኑፋቄ ትምህርት ተከትሎ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆየ። ሞኒካ አንድን ጳጳስ «ልጄን አነጋግርልኝ» ብላ ለመነች። ጳጳሱም ልጁ ገና ትዕቢተኛ ስለሆነ መከራከር እንደማይጠቅም ነግሮ፣ እርሷ ግን እንድትጸልይለት መከራት። አልለቅ ስትለው እንዲህ ያለ እንባ የፈሰሰለት ልጅ ሊጠፋ እንደማይችል ነግሮ አሰናበታት።

በአምስተኛው ክፍል ያለውን አትለፊው። በ383 አውግስጢኖስ እናቱን አታልሎ በሌሊት በመርከብ ወደ ሮም ሄደ። እርሷ በዚያች ሌሊት እንዳይሄድ እየጸለየች ነበር። እግዚአብሔር የዚያን ሌሊት ልመናዋን አልሰጣትም። አውግስጢኖስ በኋላ ሲያስበው፣ የዚያ ቀን ጥያቄዋ የተከለከለው የዕድሜ ልክ ጥያቄዋ እንዲፈጸም እንደነበረ ይመሰክራል። ከሮም ወደ ሚላን ሄደ፤ በዚያም በ386 ወደ ጌታ ተመለሰ፤ በ387 ተጠመቀ። ሞኒካም ይህን በዓይኗ አይታ በዚያው ዓመት ዐረፈች። እህቴ፣ ዛሬ የተዘጋ የመሰለሽ በር የጸሎትሽ መጨረሻ ላይሆን ይችላል።

መጽሐፉ 13 ክፍሎች አሉት፤ አንዳንዱም ከባድ ነው። ሦስተኛውን፣ አምስተኛውን፣ ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን ብታነቢ ይበቃሻል።

2. ጉዞዋ ለዘገየባት እናት፦ የጆን ቡንያን የመንገደኛው ታሪክ፣ ሁለተኛው ክፍል

«ክርስቲያን» የተባለው መንገደኛ ሸክሙን ተሸክሞ ወደ ሰማያዊቱ ከተማ ሲጓዝ የሚያሳየውን በ1678 የታተመ መጽሐፍ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ቡንያን በ1684 ሁለተኛ ክፍል እንዳወጣ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ይህኛው ክፍል የሚናገረው በኋላ ስለቀሩት ስለ ሚስቱ ስለ ክርስቲያናና ስለ አራቱ ወንዶች ልጆቿ ነው። ባልየው ብቻውን እየሮጠ ሄዷል፤ እርሷ ግን ልጆች ይዛ የምትጓዝ ናት። ስለዚህ ጉዞው ይዘገያል። ያርፋሉ፣ ይበላሉ፣ ልጆቹ ይጠይቃሉ፤ አንዱም የማይበላ ፍሬ በልቶ ሆዱን ታሞ ሐኪም ይጠራለታል። የትኛዋ እናት ይህን አታውቅም? ደግሞም «ታላቅ ልብ» የሚባል ጠባቂ አብሯቸው ይሄዳል። ወደ ተራሮቹ ከመድረሳቸው በፊት የተጓዥ እናቶች ሕፃናት በእንክብካቤ የሚያድጉበት ቤት ያገኛሉ። ያ በቀስታ የሚመራው እረኛ በዚህም አለ።

ቡንያን ይህን ከልቡ የጻፈው ይመስለኛል። የመጀመሪያ ሚስቱ ስትሞት አራት ልጆች ቀርተው ነበር፤ ከእነርሱም አንዷ ዓይነ ስውር ነበረች። በ1660 ስለ ስብከቱ ሲታሰር ሁለተኛ ሚስቱ ኤልሳቤጥ እነዚህን ልጆች ተቀብላ አሳደገች። በድንጋጤ የራሷን ፅንስ አጣች፤ ያም ሆኖ ዳኞች ፊት ቀርባ ስለ ባሏ ተከራከረች። የሌላዋን ልጆች የምታሳድጊ እህቴ፣ «የእንጀራ እናት» ስትባዪ የሚሰማሽን ጌታ ያውቃል። የኤልሳቤጥ ታሪክ ለአንቺ ነው።

3. ነገን ለምትፈራ እናት፦ የኮሪ ቴን ቡም «መሸሸጊያ ስፍራ»

ኮሪ ሆላንዳዊት የሰዓት ሠሪ ልጅ ናት። ቤተሰቧ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አይሁዶችን በቤታቸው ሸሽገው አዳኑ። በየካቲት 1944 ተያዙ፤ የ84 ዓመቱ አባቷ ከአሥር ቀን በኋላ በእስር አረፉ፤ እህቷ ቤትሲ በታኅሣሥ በራቨንስብሩክ ካምፕ ሞተች። መጽሐፉ በ1971 ታተመ።

ኮሪ ልጅ አልወለደችም። ታዲያ ለምን ለእናቶች? አንዲት ልጅ በእምነት ስታድግ ቤቷ ምን እንደሚመስል ስለሚያሳይ ነው። በልጅነቷ ሞትን ፈርታ ስታለቅስ አባቷ የባቡር ጉዟቸውን አስታወሷት። ትኬቱን የሚሰጧት መቼ ነበር? ልክ ባቡሩ ላይ ሊወጡ ሲሉ ነው። የሰማዩም አባት ኃይልን የሚሰጠን በሚያስፈልገን ሰዓት እንጂ አስቀድሞ አይደለም። «ልጄ ቢታመምስ? ባሌ ሥራ ቢያጣስ?» እያልሽ እንቅልፍ የምታጪ እናት፣ የነገው ትኬት ዛሬ በእጅሽ አለመኖሩ እንደተረሳሽ አያሳይም።

በካምፑ ቤትሲ ስለ ቁንጫው ሳይቀር ጌታን ስታመሰግን ኮሪ አልተዋጠላትም ነበር። ኋላ ግን ጠባቂዎቹ ቁንጫውን ፈርተው ወደ ክፍሉ ስለማይገቡ ቃሉን በነጻነት ያነቡ እንደነበር ተረዱ። የካምፑ ምዕራፎች ልብ የሚነኩ ስለሆኑ አራስ ከሆንሽ ወይም ጭንቀት ካለብሽ ለሌላ ጊዜ አቆዪው።

4. ብቻዋን ለምታሳድግ እናት፦ የኤልሳቤጥ ኤሊየት «በግርማ ደጆች»

ጥር 8 ቀን 1956 በኢኳዶር ጫካ አምስት ወጣት ሚስዮናውያን በዋኦራኒ ሰዎች ጦር ተገደሉ። ከአምስቱ ሚስቶች አራቱ እናቶች ነበሩ፤ አንዷም ነፍሰ ጡር ነበረች። ኤልሳቤጥ በዚያን ጊዜ 29 ዓመቷ ነበር፤ ልጇ ቫለሪ ገና የአሥር ወር ሕፃን ነበረች። ታሪኩን በ1957 ጻፈችው። በ1958 ደግሞ የሦስት ዓመት ልጇን ይዛ ባሏን ከገደሉት ሰዎች ጋር ልትኖር ሄደች።

ይህን የምነግርሽ አንቺም እንዲሁ እንድታደርጊ አይደለም። ጥሪው የእርሷ ነበር። የምወድላት ኀዘኑን በጥቅስ ሸፍና አለማለፏን ነው። «ጌታ ለምን ፈቀደ?» ለሚለው ጥያቄ ቀላል መልስ አትሰጥም። ባሏ በሞት ወይም በመለየት የሌለላት እናት ብዙ ሰው ቶሎ እንድትጽናና ይጎተጉታታል። ይህ መጽሐፍ ግን እያለቀሱ መታዘዝ እንደሚቻል ያሳያታል።

5. ለልጆቿ ምን ብላ እንደምትጸልይ ለጠፋት እናት፦ የስቶርሚ ኦማርቲያን «የሚጸልይ ወላጅ ኃይል»

በ1995 የታተመው ይህ መጽሐፍ ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው። እያንዳንዱ ስለ ልጁ አንድ ነገር፣ ማለትም ስለ ጥበቃው፣ ስለ ጓደኞቹ፣ ስለ ፍርሃቱ ያነሣና በጸሎት ይዘጋል። ጸሐፊዋ ራሷ የአእምሮ ሕመም ያለባት እናት ያሳደገቻት፣ በቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍባት የነበረች ሴት ናት። «እናቴ ያደረገችብኝን በልጄ ላይ እደግም ይሆን?» የሚል ፍርሃት ካለብሽ ብቻሽን አይደለሽም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ጸሎት ልጃችንን እንደፈለግን የምናዞርበት መሪ አይደለም። ልጁ የራሱ ፈቃድ አለው፤ ጊዜውም የጌታ ነው። ስለዚህ አምስተኛውን መጽሐፍ ስታነቢ የመጀመሪያውን፣ የሞኒካን ታሪክ አጠገቡ አስቀምጪው።

ገና ያልተጻፉት መጻሕፍት

የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1979 በደርግ ዘመን ታፍነው ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም እናት ሆነው ሳለ ታስረው ለብዙ ዓመታት ተሰቃዩ። የእርሳቸው ታሪክ ተጽፏል። ነገር ግን በዚያ ዘመን በራቸውን ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ልጆቻቸውን መዝሙር ያስተማሩ ስንት እናቶች አሉ! ታሪካቸው የተቀመጠው በልባቸው ብቻ ነው። እናትሽ ወይም አያትሽ በሕይወት ካሉ ቡና አፍልተሽ ጠይቂያቸው፤ በደብተር ጻፊው። ለልጅሽ የሚሆነው ስድስተኛ መጽሐፍ ይህ ነው።

መቼ ይነበባል?

«ጊዜ የት አለኝ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። በቀን ሁለት ገጽ ይበቃል፤ ስታጠቢ፣ ወጡ እስኪበስል፣ ታክሲ ወረፋ ላይ። ማንበብ የማትችል ወይም ዓይኗ የደከመ እህት ካለች ሌላዋ ታንብብላት። ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ መጽሐፍ ተዋዋሱ፤ በወር አንዴ ተገናኙ። በአማርኛ የትኛው እንዳለ የቤተ ክርስቲያናችሁን መጻሕፍት መደብር ጠይቁ፤ ያልተተረጎመውን እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ምዕራፍ በምዕራፍ ይተርክላችሁ።

ለባሎችም አንድ ቃል አለኝ። ወንድሜ፣ ለባለቤትህ መጽሐፍ ገዝተህ ብታመጣላት መልካም ነው። ሆኖም መጽሐፉን ሰጥተሃት ልጆቹን ካልያዝክላት የሰጠሃት ወረቀት ብቻ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ልጆቹን ይዘህ ውጣ። ስትመለስም ምን እንዳነበበች ጠይቃት።

መጽሐፍ የማይፈታው ድካም

በመጨረሻም ይህን ሳልል አላልፍም። ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማልቀስና ሆድ መባስ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ካላለፈ፣ ሕፃኑ ተኝቶ እንኳ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ምንም ነገር ደስ ካላሰኘሽ፣ የሚቀርብሽን ሰው አሁኑኑ ንገሪና ጤና ጣቢያ ሂጂ። ራስሽን ወይም ልጅሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ሁለት ሳምንት አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ሂጂ። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም፤ ሕክምና ያለው ሕመም ነው። እኛም በቤተ ክርስቲያን ያለን እንዲህ ላለች እናት መጽሐፍ አስጨብጠን አንሸኛት። እጇን ይዘን ወደ ሐኪም እንውሰዳት፤ እየጸለይንላት፣ ልጇን እየያዝንላት፣ ገንፎዋን እያገነፋንላት።

እህቴ፣ ከአምስቱ አንዱን ምረጪና በዚህ ሳምንት ሁለት ገጽ አንብቢ። ዛሬ ዓይንሽ ከተከደነም ተኚ። የእስራኤል ጠባቂ አያንቀላፋም፤ ልጆችሽንም አንቺንም ይጠብቃል። ጌታ ይባርክሽ።