ወልቂጤና ቡታጅራ፦ በአየር 67፣ በጎማ 250 ኪሎ ሜትር

ካርታ ላይ ማስመሪያ ለሚያሳርፍ ሰው ወልቂጤና ቡታጅራ ጎረቤታሞች ናቸው። በመካከላቸው ያለው ቀጥተኛ ርቀት 67 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለአገር ውስጥ በረራ የሚያሰማራው ኪው 400 አውሮፕላን ይህን በሙሉ ፍጥነቱ በ6 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል፤ መነሣትና ማረፉ ሲታከልበት ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ይሁንና በሁለቱም ከተሞች መደበኛ በረራ የለም። ስለዚህ ከስልክ ላይ የሚነበበው «የበረራ ሰዓት» ለነጋዴ ጨዋታ ነው። ጉዳት የሚያመጣው ርቀቱ ነው፤ በ67 ኪሎ ሜትር የጭነት ዋጋ የሚደራደር ደላላ ገና ከመነሻው ከስሯል።

ምክንያቱ ተራራው ነው። ወልቂጤ ከጉራጌ ተራራ ሰንሰለት በስተ ምዕራብ፣ ቡታጅራ በስተ ምሥራቅ ሥር ተቀምጠዋል። የሰንሰለቱ ጫፍ 3,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በ1950ዎቹ የአዲስ አበባ ጉራጌዎች ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ማኅበራት ሲያቋቁሙም ዓላማቸው አገር ቤትን ከመርካቶ ጋር ማገናኘት እንጂ ምሥራቁን ከምዕራቡ ጋር ማገናኘት አልነበረም።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። ከአዲስ አበባ ወልቂጤ በአስፋልት 155 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በአየር 133 ነው። ወደ ቡታጅራ 133 ያህል ሲሆን በአየር 108 ነው። ልዩነቱ ብዙ አይደለም። ከወልቂጤ ቡታጅራ ግን ሌላ ነው። የጅማና የቡታጅራ መንገዶች የሚለያዩት ዓለም ገና ላይ በመሆኑ መኪናው አዲስ አበባ መግባት ባያስፈልገውም ወደ 250 ኪሎ ሜትር ይነዳል፤ ከአየሩ አራት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። በሆሳዕና የሚዞርም ከ200 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ይጠብቀዋል። ተራራውን በአቋራጭ የሚሻገሩ የገጠር መንገዶችን የሚመርጥ፣ በተለይ በክረምት፣ ከመጫኑ በፊት ሹፌሩን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ከቡታጅራ የማረቆ በርበሬ ገዝቶ ወልቂጤ ሊሸጥ ያሰበ ነጋዴን እንውሰድ። አይሱዙው በ1 ሊትር 4 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ ቢሰላ፣ በካርታው ርቀት 17 ሊትር ናፍጣ ይበቃዋል። በእውነተኛው መንገድ 62 ሊትር ይጠጣል። ባዶውን ከተመለሰ ደግሞ 125። በርበሬ መዘግየትን ይችላል፤ ጫት ግን በየሰዓቱ ዋጋው ይወርዳል፤ ስለዚህ ለጫት ነጋዴ ከናፍጣው ይልቅ ሰዓቱ ይከብዳል።

ጉዳዩ ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ የጨረታ ተወዳዳሪዎችንም ይነካል። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች፤ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን መቀመጫ እንደሆነች ነው። ከአንዱ ዞን ተነሥቶ በሌላው ዕቃ ለማቅረብ የሚጫረት የማጓጓዣውን ሒሳብ በጎማ እንጂ በአየር መሥራት የለበትም።

ያው የማረቆ በርበሬ መርካቶ ላይም ይገኛል። ከመርካቶ ወልቂጤ 155 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከቡታጅራ 250። የወልቂጤው ነጋዴ ምርቱ ከሚበቅልበት አካባቢ ልግዛ ካለ፣ የቡታጅራው ዋጋ ከመርካቶው መርከስ ያለበት ቢያንስ በ95 ኪሎ ሜትር የጭነት ልዩነት ልክ ነው። ከዚህ ላይ የመርካቶው የደላላና የጫኝ አውራጅ ክፍያ ይቀነሳል።