ያለ ብሎንና ያለ ማጣበቂያ፤ ፕላስቲክን በሙቀት ስለ መቸንከር

ሁለት የፕላስቲክ ክፍሎችን፣ ወይም ፕላስቲክን ከብረት ጋር አገናኝቶ ለመያዝ በተለምዶ የሚታወቁት መንገዶች ብሎንና ማጣበቂያ ናቸው። ብሎን ግን ተገዝቶ የሚመጣ ዕቃ በመሆኑ በወጪ ላይ ወጪ ይጨምራል፤ ማጣበቂያም እስኪደርቅ ድረስ ሥራውን ያዘገያል። ሁለቱንም የሚያስቀር ሦስተኛ ዘዴ አለ፤ ይኸውም በሙቀት መቸንከር ሊባል የሚችለው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንደኛው ክፍል ከፎርማው ሲወጣ ከአካሉ ጋር አብሮ የተሠራ ትንሽ ጉጥ ይኖረዋል፤ ሁለተኛው ክፍል ደግሞ በጉጡ ልክ ቀዳዳ ይበጅለታል። ጉጡ በቀዳዳው አልፎ ብቅ ካለ በኋላ የጋለ የብረት ጫፍ ሲጫነው ይለሰልስና እንደ ሚስማር ራስ ይሰፋል፤ ሁለቱንም ክፍሎች አጥብቆ ይይዛል። በአውቶሞቢል በሮች የውስጥ ልባስና በኤሌክትሪክ ዕቃዎች ሣጥን ውስጥ ብዙ ክፍሎች የሚያያዙት በዚህ ዓይነት ነው።

ይሁን እንጂ ጥንቃቄ የጐደለው ሥራ ኪሣራን ያስከትላል። የሚጫነው ብረት ፕላስቲኩ ሳይቀዘቅዝ ከተነሣ፣ የጉጡ ራስ በመጠኑ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ዕቃውም ገበያ ከደረሰ በኋላ ይንኰሻኰሻል። ስለዚህ ግፊቱ እስኪቀዘቅዝ ድረስ መጽናት አለበት።

የፕላስቲኩም ዓይነት ታላቅ ልዩነት ያመጣል። ኤ ቢ ኤስ የተባለው በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መለስለስ ይጀምራል፤ ሙቀቱም ሲጨምር ቀስ በቀስ እየላላ ይሄዳል። ፖሊፕሮፒሊን ግን በ160 ዲግሪ አካባቢ በጠባብ የሙቀት ክልል ውስጥ ስለሚቀልጥ ልኩን ይበልጥ መጠበቅ ያሻል። ሊዮ ቤክላንድ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1907 ዓመተ ምሕረት የፈለሰፈው ቤክላይት ደግሞ አንድ ጊዜ ከጠነከረ በኋላ በሙቀት ስለማይለሰልስ ለዚህ ሥራ ከቶ አይሆንም።

ከሁሉም በላይ ሊታሰብ የሚገባው የጥገናው ጉዳይ ነው። ብሎን ተፈትቶ ይመለሳል፤ በሙቀት የተቸነከረ ዕቃ ግን የጉጡ ራስ ካልተቈረጠ አይለያይም። ስለሆነም ባትሪ ወይም በቶሎ የሚያልቅ ክፍል ለሚቀመጥበት ሥፍራ ብሎን ይሻላል፤ አለዚያ ፋብሪካው ያተረፈውን ሳንቲም ገዢው በብር ይከፍለዋል።

እንግዲህ የፋብሪካ ባለቤት ፎርማውን ከማሠራቱ አስቀድሞ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይገባዋል፤ ፕላስቲኩ ምን ዓይነት ነው? ጉጡ የሚሸከመው ኀይል ምን ያህል ነው? ዕቃውስ ወደ ፊት መፈታት ያስፈልገዋልን? የጉጡ ውፍረት በእጥፍ ቢያድግ የሚይዘው ስፋት 4 እጥፍ ስለሚሆን፣ በንድፉ ላይ የሚደረግ ትንሽ ማሻሻያ ታላቅ ጥቅም አለው። ፎርማው ከተሠራ በኋላ ግን እርማቱ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል።