ቲምፕሲላ፦ ከመሬት በታች የሚኖረው ጥራጥሬ

ከካናዳ የሣር ሜዳዎች አንሥቶ እስከ ቴክሳስ በሚደርሰው ነፋሻማ የሰሜን አሜሪካ ምድር፣ ቁመቱ አንድ ክንድ የማይሞላ የዱር ተክል ይበቅላል። ከሜዳው ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆኑት ላኮታዎች ቲምፕሲላ ይሉታል፤ የሳይንስ ስሙ ፔዲዮሜለም ኤስኩሌንተም ነው። የባቄላ፣ የአተርና የግብጦ ዘመድ ነው። እነዚህ የሚዘሩት ለፍሬያቸው ሲሆን ቲምፕሲላ ግን የሚፈለገው ለሥሩ ነው።

የግብጦን ማሳ የሚያውቅ ሰው ቅጠሉን ሲያይ ዝምድናው ወዲያው ይገባዋል። ከአንድ ዘንግ ጫፍ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ትንንሽ ቅጠሎች እንደ ጣት ተዘርግተው ይወጣሉ። ግንዱ፣ ዘንጎቹና የቅጠሎቹ ጀርባ ረዣዥም ነጭ ፀጉር ለብሰዋል፤ ፀሐይ በጎን ስትመታው ተክሉ ብርማ ሆኖ ይታያል። በዚያ ደረቅ ነፋስ ውስጥ እንዲህ ያለ ልብስ እርጥበትን ለመቆጠብ ይረዳል። አበባው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሰማያዊ ነው፤ የእያንዳንዱ ቅርጽ የአተር አበባን ይመስላል፣ ሲጠወልግም የገለባ መልክ ይይዛል። ፍሬው ጫፉ የሾለ፣ አንዲት ዘር ብቻ የያዘ ትንሽ ከረጢት ነው።

ዋናው ነገር ያለው ግን ከሥር ነው። መሬቱ ጥቂት ጣት ያህል ሲቆፈር የዶሮ እንቁላል የሚያህል እብጠት ይገኛል። ልጡ ቡናማና ሻካራ ነው፤ አንድ ጊዜ በቢላ ከተነሣ ተያይዞ ይገፈፋል፣ ውስጡም ንጹሕ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ከእብጠቱ በታች ቀጭን ጭራ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። በዚህ ሥር ውስጥ ስታርች፣ ጥቂት ፕሮቲንና ቫይታሚን ሲ ተከማችቷል። ላይኛውን ክፍል ድርቅ ቢያደርቀው፣ እሳት ቢያቃጥለው ወይም ጎሽ ቢግጠው ተክሉ ከዚሁ ስንቅ በዓመቱ እንደገና ያቆጠቁጣል።

ከሁሉም የሚያስደንቀው አዘራሩ ነው። ዘሩ ሲጎመራ ግንዱ ልክ መሬቱ ወለል ላይ ራሱን ይቆርጣል። ነፋስ የደረቀውን ቁጥቋጦ እያንከባለለ ሲወስደው ዘሩ በየመንገዱ ይራገፋል። ሥሩ በነበረበት ይቀራል፤ ከላይ ግን ምንም ምልክት የለውም። ከዚያ በኋላ የሚፈልገው ሰው ቢመጣ አያገኘውም። ስለዚህ መቆፈሪያው ጊዜ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ ላኮታዎች የሰኔን ወር በዚህ ተክል መጎምራት መሰየማቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ቁፋሮው ከጥንት የሴቶችና የልጆች ሥራ ነበር፤ መሣሪያውም ጫፉ የሾለ እንጨት ነው። እናቶች ልጆቻቸውን የተክሉ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው ተክል ይጠቁማል እያሉ ያስተምሩ ነበር፤ ልጁም ያንን እየተከተለ ሜዳውን ያስሳል። ጠንቃቃ ቆፋሪ ዘር የያዘውን ራስ ወደ ጉድጓዱ መልሶ አፈር ያለብሰዋል። የተላጡት ሥሮች በጭራቸው ተጎንጉነው ይሰቀላሉ። ሲደርቁ እንደ ድንጋይ ይጠጥራሉ፤ ክረምት ሲመጣ ተዘፍዝፈው ከሥጋ ጋር ይቀቀላሉ፣ ወይም ተወቅጠው ዱቄት ይሆናሉ። ተክሉ በሜዳው ሕዝቦች ተረት ውስጥም ሥፍራ አለው፦ ወደ ሰማይ ያገባች ሴት እንዳትነካው የተከለከለችውን ትልቅ ሥር ስትነቅል፣ በቀዳዳው ቁልቁል የወገኖቿን ሰፈር አይታ በናፍቆት ትያዛለች።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1805 የአሜሪካውያኑ አሳሾች የሉዊስና የክላርክ ጉዞ በዛሬዋ ሞንታና ሚልክ ወንዝ አጠገብ ሲደርስ፣ አብራቸው የምትጓዘው የሾሾኒ ሕዝብ ተወላጅ ሳካጋዊያ ይህንን ሥር ከኮረብታ ለቅማ ለክላርክ አቀመሰችው። ሉዊስ በማስታወሻው ጣዕም የለሽ ቢለውም፣ ጥሩ ምግብ አዋቂዎች በወጣቸው ውስጥ በውዱ የምድር እንጉዳይ በትሩፍል ምትክ ቢያገኙት እንደሚወዱት ጽፏል። ሁለተኛው አስተያየቱ ለእውነት የቀረበ ይመስላል፤ ቲምፕሲላ የሚጣፍጠው ከመረቅ ጋር ነው።

የአውሮፓን ድንች በሽታ በጨረሰበት እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ላማር ፒኮ የተባለ ፈረንሳዊ ተጓዥ በድንች ፈንታ እንዲመረት ወደ ፈረንሳይ ወስዶት ነበር። አልተሳካም። ድንች በወራት ውስጥ ሲደርስ ይህ ተክል ከዘር ተነሥቶ ለመቆፈር እስኪበቃ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ገበሬ ያን ያህል አይታገሥም።

ዛሬም በደቡብ ዳኮታ በፓይን ሪጅና በሮዝበድ የላኮታ ቤተሰቦች በሰኔ ወደ ሜዳ ይወጣሉ፤ ጉንጉኑም ይሸጣል። የሣር ሜዳው አብዛኛው ክፍል ግን ታርሶ የስንዴና የበቆሎ ማሳ ሆኗል። ማረሻ የገባበት መሬት ቲምፕሲላን በቀላሉ አይመልስም። ስለዚህ በዚያ አገር ገና ያልታረሰ ሜዳ በእጁ ያለ ባለመሬት እንዳለ ቢተወው ለተክሉም ለቆፋሪዎቹም ትልቅ ውለታ ይውላል።