ከባልዲው በፊት የተወሰደ ኩብ

ሰኔ 22 ቀን 1987 ዓ.ም. ለምሽቱ 12 ሰዓት ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ፣ በደቡብ ኮሪያዋ ሴኡል ሳምፑንግ የተባለው ትልቅ የገበያ ማዕከል ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ተደረመሰ። 502 ሰዎች አለቁ። መሬት አልተንቀጠቀጠም፣ ቦምብ አልፈነዳም። ሕንፃው ከተከፈተ ገና አምስት ዓመቱ ነበር።

ሶሌታዎቹ ያለ ቢም በቀጥታ ኮለኖች ላይ ያረፉ ነበሩ። አሠራሩ በራሱ ነውር የለውም፤ በዚሁ መንገድ ተሠርተው ጸንተው የቆሙ ሕንፃዎች ብዙ ናቸው። የሚያስፈራው ግን፣ የድንኳን ምሰሶ ሸራውን ቀዶ ብቅ እንደሚል ሁሉ ኮለኑም ሶሌታውን ሊበሳው መቻሉ ነው። ይህን የሚከላከለው በኮለኑ ዙሪያ ያለው ኮንክሪት ነው። ኮለኑ ሲቀጥን ዙሪያው ይጠባል፤ የላይኛው ፌሮ ከቦታው ዝቅ ብሎ ከታሰረ ደግሞ ጭነቱን የሚቋቋመው ውፍረት ይሳሳል። ሳምፑንግ ላይ 80 ሳንቲ ሜትር መሆን የነበረባቸው ኮለኖች 60 ሆነው ተሠሩ። በመጀመሪያው ዕቅድ ያልነበረ አምስተኛ ፎቅ ተጨመረ፤ ምግብ ቤት ስለሆነም ወለሉ ውስጥ ማሞቂያ ተቀበረ። ጎረቤት በጩኸታቸው የተማረረባቸው ከባድ የአየር ማቀዝቀዣዎችም ቦታ ሲቀየርላቸው፣ በክሬን አልተነሡም፤ ጣሪያው ላይ ተጎተቱ።

«አይሆንም» የሚል ጠፍቶ ነው? አልጠፋም። የመጀመሪያው ሥራ ተቋራጭ የፕላን ለውጡን አልሠራም ብሎ ነበር። ባለቤቱ አሰናበተውና ሥራውን ለራሱ የግንባታ ድርጅት ሰጠ። ጉቦ የተቀበሉ የአካባቢው ሹማምንትም ኋላ ተፈረደባቸው። ስለዚህ ግንባታ ገለልተኛ ተቆጣጣሪ ያስፈልገዋል ስል፣ ዲግሪውን ወይም ማኅተሙን ማለቴ አይደለም፤ «አቁሙ» በማለቱ እንጀራው የማይቋረጥበትን ሰው ማለቴ ነው።

ይህ ሰው መምጣት ያለበት ደግሞ ፌሮው ታስሮ ኮንክሪቱ ሳይሞላ ነው። ያኔ ሜትር ይዞ የፌሮውን ብዛትና ርቀት፣ ከፎርምወርኩ ጋር ያለውን ክፍተት ይለካል። ከተሞላ በኋላ በመዶሻና በድምፅ ሞገድ መመርመር ይቻላል፤ ግን ያኔ ሥራው በአብዛኛው ግምት ነው።

ስለ ቁጥጥር ሲጠየቅ «ኩብ አስፈትሸናል» የሚለው መልስ በእኛም ሳይቶች የተለመደ ነው። ከኮንክሪቱ ለናሙና የሚወሰደው፣ ጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነው ኩብ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ሲጨመቅ የድብልቁን ጥንካሬ በታማኝነት ይናገራል። ሶሌታው በቪብሬተር በደንብ መጠቅጠቁን፣ ለቀናት ውሃ መጠጣቱን ግን አያውቅም። ማን እንደቀዳውም አይናገርም። ሠራተኛው ኮንክሪቱ በቀላሉ እንዲፈስለት አንድ ሁለት ባልዲ ውሃ ሊጨምር ይችላል፤ ትርፉ ውሃ ሲተን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፣ ጥንካሬውም ይቀንሳል። ኩቡ ከባልዲው በፊት ከተወሰደ፣ ላቦራቶሪው በ28ኛው ቀን የሚያደቀው ሶሌታው ላይ የሌለ ኮንክሪት ነው።