ሞርሳው ከብየዳ ማሽኑ ይቀድማል

በግቢው ጥግ የብረት ሥራ የሚጀምር ሰው፣ በር ለመጠገንም ይሁን መደርደሪያ ለመሥራት፣ በእጁ ያለውን ገንዘብ መጀመሪያ የሚያወጣው በግራይንደርና በብየዳ ማሽን ላይ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ይሁንና ብዙ ሥራ የሚበላሸው ገና ሳይቆረጥና ሳይበየድ ነው። በደንብ ያልተያዘ ብረት እየተንቀጠቀጠ ይቆረጣል፤ በደንብ ያልተለካ ፍሬም ተጣሞ ይበየዳል፤ ዓይነቱ ያልታወቀ ብረት ደግሞ ብየዳው ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ የግዢው ቅደም ተከተል መያዣ፣ መለኪያ፣ መቁረጫ፣ በመጨረሻም መበየጃ ቢሆን ገንዘብም ብረትም ይተርፋል።

መያዣ

ለቤት ሥራ የመንጋጋው ወርድ ከ100 እስከ 125 ሚሊ ሜትር የሆነ ሞርሳ ይበቃል። ቀላልና አዲስ ከሆነው ይልቅ ከባድና ያገለገለው የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ያገለገለ ሲገዙ እስከ ግማሽ ከፍተው ተንቀሳቃሹን መንጋጋ ወደ ላይና ወደ ጎን ያወዛውዙት። ትንሽ መነቃነቅ ያለ ነው፤ በጣም ከላላ ግን ይተዉት። ከዚያ መንጋጋዎቹን ገጥመው በመካከላቸው ብርሃን የሚያልፍ መሆኑን ይዩ። ሥሩ ላይ የብየዳ ጥገና ካለ አይግዙት። አብዛኛው ሞርሳ በቅርጽ ከሚፈሰው ብረት፣ ከጊዛ፣ የተሠራ ስለሆነ ተሰንጥቆ የተበየደው ዳግም ጭነት ሲበዛበት እዚያው ላይ ይከፈታል።

አተካከሉም ለውጥ ያመጣል። የመንጋጋው የላይኛው ጠርዝ ከሚሠራው ሰው ክርን ጋር እኩል ቢሆን ሞረድ ሲገፉ ወገብ አይጎብጥም። የማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ፊት ከጠረጴዛው ጠርዝ ትንሽ ወጣ ይበል፤ ያኔ ረጅም ብረት ቀጥ ብሎ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሊታሰር ይችላል። ሲቀጠቅጡ ምቱ ወደማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ይሁን፤ ወደ ሌላው ከሆነ ጉልበቱን የሚቀበለው ጥርስ የወጣለት ዘንግ ነው። የመንጋጋው ጥርስ ሥራውን እንዳያቆስለው ከአልሙኒየም አንግል ሁለት ቁራጭ ቆርጦ ማልበስ ይበቃል።

መለኪያ

ሜትር፣ ስኳድራና ካሊፐር ከተሟሉ ለጀማሪ ብዙ ነው። ስኳድራ ሁሉ ግን ቀጥ ያለ ዘጠና ዲግሪ አይደለም። ሱቁ ውስጥ ለመፈተን ቀጥ ያለ ጠርዝ ባለው ጣውላ ወይም ላሜራ ላይ አስደግፈው አንድ መስመር ያስምሩ፤ ከዚያ ስኳድራውን ገልብጠው ከዚያው ነጥብ ሁለተኛ መስመር ያስምሩ። ሁለቱ መስመሮች ከተጋጠሙ ስኳድራው ትክክል ነው። እየተራራቁ ከሄዱ በመካከላቸው ያለው ክፍተት የስህተቱ እጥፍ ነው።

ብረት ላይ በጠመኔ የተሰመረ መስመር ወርዱ 2 ሚሊ ሜትር ሊደርስ ይችላል። አራት ቦታ ላይ እንዲህ ከተቆረጠ ፍሬሙ አይገጥምም። በሹል መጫሪያ የተሰመረ ቀጭን መስመር ይሻላል። ቀዳዳ የሚበሳበት ቦታ ደግሞ በነጥብ መምቻ አስቀድሞ ይመታ፤ አለዚያ ፑንታው ተንሸራቶ ሌላ ቦታ ይገባል።

ብረቱን ማወቅ

ካሊፐር ዋጋውን የሚመልሰው በመጀመሪያው የብረት ግዢ ላይ ነው። ባለ 40 በ40 ቱቦላሬ ግድግዳው 1.5 ሚሊ ነው ተብሎ ሲሸጥ፣ ጫፉ ሲለካ 1.2 ሊሆን ይችላል። በዓይን ልዩነቱ አይታይም፤ በሚዛን ግን ይታያል። የ1.5ቱ 6 ሜትር ወደ 11 ኪሎ ይጠጋል፤ የ1.2ቱ 9 ኪሎ አይሞላም። ሲለኩ ግን የመጋዙ ፍንጣሪ የቀረበትን ጠርዝ ሳይሆን የጸዳውን ይለኩ።

ክብደትን አስቀድሞ ለማስላት ሁለት ቀላል ቀመሮች ይበቃሉ። አንድ ካሬ ሜትር ላሜራ በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ 1 በ2 ሜትር የሆነ ባለ 2 ሚሊ ላሜራ 31.4 ኪሎ ነው። ለፌሮ ደግሞ የስፋቱን ቁጥር በራሱ አባዝተው ለ162 ሲያካፍሉ የአንድ ሜትር ክብደት ይገኛል። የባለ 12 ፌሮ ባለ 12 ሜትር ቤርጋ በዚህ ስሌት 10.7 ኪሎ ገደማ ነው። ከዚህ ብዙ ከጎደለ ፌሮው ቀጥኗል ማለት ነው።

መርካቶ ምናለሽ ተራን ከመሳሰሉ ቦታዎች የሚገዛ ቁርጥራጭ ርካሽ ነው፤ ችግሩ ማንነቱን የሚናገር ወረቀት የለውም። እዚህ ላይ ግራይንደሩ መመርመሪያ ይሆናል። መነጽር አድርገው ብረቱን በመፍጫ ዲስክ ትንሽ ነካ ያድርጉትና ብልጭታውን ይመልከቱ። ለቱቦላሬና ለአንግል የሚውለው ተራ ለስላሳ ብረት ረጅምና ቀጥ ያለ፣ ቅርንጫፉ ጥቂት የሆነ ብልጭታ ይሰጣል። ካርቦን የበዛበት ብረት፣ ለምሳሌ አሮጌ ሞረድ ወይም የመኪና ባሌስትራ፣ ብልጭታው እንደ ርችት እየፈነዳ ይበታተናል። የጊዛ ብልጭታ አጭርና ቀላ ያለ ነው። አልሙኒየም ብልጭታ የለውም፤ ዲስኩን ስለሚደፍነው ለብረት በተሠራ ዲስክ አይፈጭም።

ይህ ልዩነት ለብየዳ ወሳኝ ነው። ለስላሳው ብረት ያለ ብዙ ጥንቃቄ ይበየዳል። ባሌስትራ ግን ከ100 ክፍል 0.6 ገደማ ካርቦን ስላለው፣ ቀዝቃዛ እንዳለ ተበይዶ ቶሎ ከበረደ ከብየዳው ጎን እንደ መስታወት ይሰበራል። ባሌስትራ የሚያምርበት ስለት ሲሆን ነው፤ የገጠር ቀጥቃጮች ለቢላዋና ለማጭድ የሚፈልጉትም ለዚሁ ነው። በእሳት ግሎ ማግኔት መሳብ እስኪያቆም፣ ማለትም 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ደርሶ ትንሽ ካለፈ በኋላ፣ ዘይት ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል። እንደዚያው ቢተው ግን ተሰባሪ ነው። እስከ 200 ዲግሪ ገደማ እንደገና ሞቆ የገለባ ቀለም ሲይዝ ጥንካሬውን ሳይለቅ ስብራቱን ይተዋል።

መቁረጥና መብሳት

የእጅ መጋዝ (ሴጌቶ) በግራይንደር ዘመን የተናቀ ቢሆንም ለቀጭን ሥራ ከሱ የተሻለ የለም። ምላጩ በአንድ ኢንች 18፣ 24 ወይም 32 ጥርስ ይኖረዋል። ደንቡ ሁልጊዜ ቢያንስ ሦስት ጥርስ ብረቱ ላይ እንዲያርፍ ነው። ለወፍራም ዘንግ 18፣ ለአንግልና ለተለመደ ሥራ 24፣ ለቀጭን ቱቦ 32 ይሁን። ጥርሱ ወደ ፊት፣ ከእጀታው ርቆ እንዲያይ ተደርጎ ይገጠማል። ሞረድም እንዲሁ የሚቆርጠው ሲገፋ ነው፤ ሲመለስ ጫናው ይነሳለት። ጥርሱ ላይ ጠመኔ ቢቀባ ፍቅፋቂው አይጣበቅበትም።

ድሪል ላይ የሚፈጸመው ትልቁ ጥፋት ፍጥነት ነው። ተራ ብረት ሲበሱ 8000ን ለፑንታው ስፋት በሚሊ ሜትር ያካፍሉ፤ ውጤቱ በደቂቃ የሚሽከረከርበት ቁጥር ነው። ለባለ 5 ፑንታ 1600፣ ለባለ 10 ደግሞ 800 ይሆናል። ለስቴንለስ በግማሽ ይቀንሱ፤ ግፊቱ ግን ጠንካራ ይሁን። ፑንታው ሳይቆርጥ ከተሻሸበት ስቴንለስ ላዩ ይጠነክርና አልበሳ ይላል። ጠብታ ዘይት፣ የተጠቀለለ ፍቅፋቂ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ፤ ሥራው ደኅና ሲሄድ የሚታየው ይህ ነው። ፉጨት ከተሰማ ፑንታው ደንዝዟል።

ግራይንደርን በሚመለከት አንድ ነገር ያለ ማጋነን ሰው ይገድላል፤ መከላከያውን አውልቆ ትልቅ ዲስክ መግጠም። የባለ 115 ሚሊ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ጊዜ ይሽከረከራል። ለሱ የተሠራው ዲስክ እስከ 13,300 ይችላል። ባለ 180 ዲስክ ግን የሚችለው እስከ 8,500 ብቻ ነው። በትንሹ ማሽን ላይ ሲገጠም ጠርዙ በሰዓት ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል፤ ከተሰነጠቀ ስባሪው ፊት ላይ ነው የሚያርፈው። ዲስክ ሲገዙ መሃሉ ላይ ያለው የብረት ቀለበት ላይ የታተመውን ወርና ዓመት ይመልከቱ፤ የመጠቀሚያው ጊዜ ማብቂያ ነው። በመቁረጫ ዲስክ ጎን ደግሞ አይፈጭም፤ መፍጫው ሌላ ነው።

ብየዳና የቤቱ መብራት

ለቤት የሚመቸው ቀላሉ የኢንቨርተር ብየዳ ማሽን ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማሽኑ ላይ የሚነበበውን አምፔር ከግድግዳ የሚሳበው እየመሰለው ነው። በ2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ በ80 አምፔር ሲበየድ ማሽኑ ከ220 ቮልት መስመር ከ12 እስከ 15 አምፔር ሊስብ ይችላል። ተራ የግድግዳ ሶኬት አብዛኛውን ጊዜ ለ16 አምፔር የተሠራ ስለሆነ ይህ ጫፉ ላይ ነው። ባለ 3.2 ኤሌክትሮድ በ120 አምፔር ሲሆን ከ20 ያልፋል፤ ለዚያ የራሱ ብሬከር ያለው መስመር በኤሌክትሪክ ባለሙያ ይዘርጋ። ማራዘሚያ ገመድ ውፍረቱ ከ2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር አይነስ፤ ሲሠራም ተጠቅልሎ አይቀመጥ፤ ጥቅሉ ውስጥ ሙቀት ታፍኖ ልባሱን ያቀልጠዋል።

ለጀማሪ 6013 የሚባለው ኤሌክትሮድ ይስማማል፤ በቀላሉ ይለኮሳል፣ ቀጭን ብረትም አይበሳም። 7018 ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን እርጥበት ከጠጣ ብየዳው ውስጥ ሃይድሮጂን ገብቶ ይሰነጥቀዋል። በክረምት ፓኬቱን ከፍቶ መደርደሪያ ላይ መተው ገንዘብ መጣል ነው።

ጭንብሉ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይገዛ። የብየዳ ብርሃን የጎዳው ዓይን ወዲያው አያምም፤ አሸዋ የገባበት ያህል የሚቆረቁረው ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ሌሊት ነው። ጋልቫናይዝድ ቱቦ ወይም ቆርቆሮ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ የዚንክ ነው። ከሰዓታት በኋላ እንደ ወባ ያለ ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት ያመጣል። ወተት መጠጣት አይከላከለውም፤ የሚከላከለው የብየዳውን ቦታ አስቀድሞ ፈግፍጎ ልባሱን ማንሳትና ነፋስ ባለበት ደጅ መሥራት ነው። ነዳጅ ወይም ቀለም የነበረበት በርሜል ደግሞ ታጥቧል ቢባልም አይበየድም፣ በግራይንደርም አይቆረጥም። የሚፈነዳው ውስጡ የቀረው ትነት ነው።

የመጀመሪያው ሥራ

ይህን ሁሉ በአንድ ላይ የሚፈትን ሥራ የራስዎ የሥራ ጠረጴዛ ነው። 120 በ60 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ጠረጴዛ ባለ 40 በ40 ቱቦላሬ ሁለት ባለ 6 ሜትር ይበቃዋል። የላዩን ፍሬም ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርግተው ማዕዘኖቹን በነጥብ ብቻ ይበይዱ። ከዚያ ሁለቱን ሰያፎች በሜትር ይለኩ። እኩል ከሆኑ ፍሬሙ ቀጥ ብሏል፤ ካልሆኑ ረጅሙን ሰያፍ መታ መታ አድርገው ያስተካክሉ፤ ነጥቡ ገና ይታዘዛል። ሙሉ ብየዳው አንዱን ማዕዘን ከጨረሱ በኋላ ወደ ትይዩው እየተሻገሩ ይሁን፤ ብየዳ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር አንድ ጎን ብቻ ከተበየደ ፍሬሙን ወደዚያ ይጎትተዋል። እግሮቹን ሲቆርጡ የሞርሳውን ቁመት ቀንሰው ያስሉ። አንቲረስት ከመቀባትዎ በፊት ሰያፎቹን አንዴ ደግመው ይለኩ፤ ልዩነቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ካላለፈ ቀጥሎ የበር ፍሬም ቢጀምሩ ይወጡታል።