ሲፒኪው፦ ከመነጽሩ በፊት ፕሮፎርማው

አንድ ፋብሪካ ጄኔሬተር ሊገዛ ፕሮፎርማ ጠየቀ እንበል። የሽያጭ ሠራተኛው ስንት ኬቪኤ ኃይል እንደሚያስፈልግ ያጣራል፤ ድምፅ የሚቀንሰውን ካኖፒ፣ መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚቀይረውን ኤቲኤስ፣ የገመዱን ውፍረትና ርዝመት ይመርጣል። ከዚያ ዋጋውን ይደምራል፣ ቅናሹን ከአለቃው ያስፈቅዳል፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱን ያሰላል፣ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና ጽፎ ማኅተም ያስመታል። አንዷ ከተሳተች ወይ ሻጩ ይከስራል፣ ወይ ዕቃው ከደረሰ በኋላ ጭቅጭቅ ይነሳል። ይህን ሁሉ በኮምፒዩተር የሚሠራው ሶፍትዌር በሙያው ሰዎች ዘንድ ሲፒኪው ይባላል። የሚስማሙትን ዕቃዎች ያዋቅራል፣ ዋጋ ያሰላል፣ የዋጋ ማቅረቢያውን ሰነድ ያወጣል።

አጀማመሩ ሩቅ ነው። ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቫክስ የሚባሉትን ኮምፒዩተሮቹን ለእያንዳንዱ ደንበኛ በልኩ እያዋቀረ ይሸጥ ነበር። ሻጩ ታዲያ ዲስኩን ጽፎ ገመዱን ይረሳል፤ ካቢኔው የማይበቃውን ዕቃ ያዝዛል። እ.ኤ.አ. በ1978 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ጆን ማክደርሞት ለዚህ ችግር አር ዋን የተባለ ፕሮግራም መሥራት ጀመረ፤ በኩባንያው ዘንድ ኤክስኮን በሚል ስም ታወቀ። ፕሮግራሙ ትእዛዙን ተቀብሎ የጎደለውን ይሞላል፣ የማይስማማውን ያርማል፣ የቱ ክፍል የት ካቢኔ ውስጥ እንደሚገባ ንድፍ ያወጣል። የሚመራው «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ» በሚሉ ደንቦች ነበር፤ ቁጥራቸውም ከጊዜ በኋላ 2,500 ገደማ ደረሰ። እ.ኤ.አ. እስከ 1986 ድረስ 80,000 ትእዛዞችን ያስተናገደ ሲሆን ትክክለኛነቱ ከ95 እስከ 98 በመቶ ነበር፤ በዓመትም 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዳዳነ ተገምቷል። ለዓይን የሚማርክ ነገር አልነበረውም፤ የተወደደው ገመድ ስለማይረሳ ነው።

ዛሬ የዘርፉ ትልልቅ ስሞች ኦራክል፣ ሴልስፎርስና ኤስኤፒ ናቸው። በቅርብ ዓመታት በየማስታወቂያው ጎልቶ የሚወጣው ግን ሌላ ነው፦ ደንበኛው መነጽር አጥልቆ ገና ያልተሠራውን ማሽን በዓይነ ሥጋ ያየ ያህል እንዲዞረው የሚያደርጉት ቨርችዋል ሪያሊቲና ኦግመንትድ ሪያሊቲ። ሲታይ ያስደንቃል፤ ይህን አልክድም። ጥያቄው ፕሮፎርማው ላይ ምን ይጨምራል የሚለው ነው።

የሚጨምርበት ቦታ አለ። የጀርመኑ ቲሰንክሩፕ ደረጃ መውጣት ለተሳናቸው ሰዎች በሐዲድ ላይ የሚሄድ ወንበር ይሠራ ነበር። የማንም ቤት ደረጃ ከሌላው ቤት ጋር አንድ ስለማይሆን ሐዲዱ ለየቤቱ ተለክቶ መታጠፍ አለበት። ቀድሞ ባለሙያው ደረጃው ላይ ምልክት እየለጠፈ ፎቶ ያነሣል፣ ልኩንም በእጁ ያስገባል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2017 የማይክሮሶፍትን ሆሎሌንስ መነጽር ለዚሁ ሥራ አዋለ፦ ሻጩ መነጽሩን አድርጎ ደረጃውን ይለካል፣ ደንበኛው ወንበሩን በገዛ ቤቱ ተተክሎ ያየዋል፣ ልኩም በቀጥታ ወደ ፋብሪካው ይሄዳል። ኩባንያው የማስረከቢያው ጊዜ እስከ አራት እጥፍ እንደሚያጥር ተናግሯል። መነጽሩ እዚህ ጌጥ አይደለም፤ ሜትር ነው። ትእዛዙ የሚሳሳተው በቦታው ልክ ነበርና መድኃኒቱም እዚያው ላይ ዋለ።

ጄኔሬተሩን ለሚገዛው ፋብሪካ ግን ማሽኑን በአየር ላይ ማየት የገመዱን ውፍረት አይነግረውም። ወጪውም ቀላል አይደለም። እያንዳንዱ ዕቃ ስሪዲ ሞዴል ይፈልጋል፤ ዕቃው በተቀየረ ቁጥር ሞዴሉም ይቀየራል። ያ ገንዘብና ያ የባለሙያ ሰዓት የሚወጣው የዋጋ ዝርዝሩንና ደንቦቹን ከሚያድሰው በጀት ላይ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። ከውጭ ዕቃ ለሚያስገባ ነጋዴ የትናንቱ ዋጋ ዛሬ ላይሠራ ይችላል፤ ስለዚህ ከማንኛውም ስሪዲ ምስል ይልቅ ምንዛሪውን ተከትሎ ዋጋውን የሚያስተካክል፣ የሚጸናበት ጊዜ ያለፈበትን ፕሮፎርማ የሚያግድ ሶፍትዌር ይጠቅመዋል።

መሣሪያውም ራሱ አስተማማኝ አልሆነም። 3,500 ዶላር ይሸጥ የነበረው ሆሎሌንስ 2 ምርቱ መቆሙን ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2024 አስታውቋል። ሥራውን በእሱ ላይ የመሠረተ ሰው ሌላ መፈለግ ግድ ሆኖበታል። ዕቃው ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል ማሳየት ብቻ ከሆነ የተፈለገው፣ አይኬያ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መተግበሪያ እንዳደረገው፣ ደንበኛው ኪሱ ውስጥ የያዘው ስልክ ይበቃል።

እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ሊሸጥላችሁ የሚመጣ ድርጅት ካለ መነጽሩን ከማጥለቃችሁ በፊት ካለፈው ወር ትእዛዞቻችሁ እጅግ ያስቸገራችሁን አንዱን ስጡት። ከነቅናሹ፣ ከነታክሱ፣ ከነማስረከቢያ ቀኑ እፊታችሁ ፕሮፎርማ አውጥቶ ያሳያችሁ። ሆን ብላችሁም የማይስማሙ ሁለት ዕቃዎችን አብራችሁ እዘዙት፤ ዝም ብሎ ካሳለፋቸው አትግዙት።