አሮጌ ኮምፒዩተር ነፍስ ሲዘራ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ወረታን የሚያውቃት ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ መሆኗን ነው። ነጋዴው ደግሞ በፎገራ ሩዝ ያውቃታል። ወደ ቤት ዘልቆ የገባ እንግዳ ግን በአንዳንዱ ሳሎን ጥግ ሌላም ነገር ያያል፤ ይኸውም ዳንቴል ለብሶ፥ የአበባ ማስቀመጫ ተደርቦበት የተቀመጠ ኮምፒዩተር ነው። «ይሠራል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ «መሥራቱንስ ይሠራል፤ ነገር ግን እስኪከፈት ድረስ ቡናው ፈልቶ አቦል ይጠጣል» የሚል መልስ ያገኛል።

አንባቢዬ! እርስዎም ቤት እንዲህ ያለ ዕቃ ካለ ለቆራሌው ከመስጠትዎ በፊት ጥቂት ይታገሡኝ። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያለው ከብረቱ ሳይሆን ብረቱን ከሚያዘው ሥርዓተ ክወና ላይ ነውና።

ሥርዓተ ክወና ምን እንደ ሆነ ለመረዳት የሠርግ ቤት አጋፋሪን ማሰብ ይበቃል። እንግዳውን የሚያስገባ፥ መቀመጫ የሚሰጥ፥ ወጡ ለማን እንደሚቀድም አሳላፊውን የሚያዝ፥ ያልተጠራውንም ከበር የሚመልስ እርሱ ነው። ጽሕፈቱ፥ ፎቶግራፉ፥ ሙዚቃውና ኢንተርኔቱ ሁሉም እንግዶች ናቸው፤ ዳሱ ደግሞ ራም የሚባለው የኮምፒዩተሩ የሥራ ቦታ ነው። አዲስ አጋፋሪ በተሾመ ቁጥር ረዳቶቹን፥ የረዳቶቹንም ረዳቶች አስከትሎ ስለሚመጣ፥ በጠባብ ዳስ ውስጥ አንድም እንግዳ ሳይገባ ቦታው ሁሉ ይያዛል። የአሮጌው ኮምፒዩተር መንቀርፈፍ ምስጢሩ በአብዛኛው ይኸው ነው።

በአገራችን እጅግ የታወቀው አጋፋሪ ዊንዶውስ ነው። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ነፃ እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለሚመዘገቡ ግለሰቦች የፈቀደው ተጨማሪ ጊዜም እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ብቻ ነው። ይህ ሲባል ኮምፒዩተሩ በዚያ ቀን ሞተ ማለት አይደለም፤ አጥሩ ሲፈርስ የሚጠግን ሰው ቀረ ማለት ነው። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበትና «ሾርትከት ቫይረስ» የሚሉት ተባይ በየጽሕፈት ቤቱ በሚመላለስበት አገር፥ አጥር መፍረሱ ቀላል ነገር አይደለም።

«እንግዲያውስ ዊንዶውስ 11 ይጫናላ!» ይሉ ይሆናል። እርሱ ግን ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፥ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፥ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የደኅንነት መሣሪያ፥ አንጎሉም ኢንቴል የሠራው ከሆነ በጠቅላላው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ይጠይቃል። ያ ትውልድ ገበያ ላይ የዋለው በ2017 እ.ኤ.አ. ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት የተሠራው ኮምፒዩተር በር ላይ ይቀራል።

አዲስ መግዛት ለቻለ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ላልቻለው ወላጅ ግን ጉዳዩ የቅንጦት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። መምህር እንደ መሆኔ የማየው ነገር አለ፤ ማውስ ይዞ የማያውቅ ልጅ መልሱን እያወቀ ቀስቱን በመስኮቱ ላይ ሲያሳድድ ደቂቃው ያልቅበታል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ከዳንቴሉ ሥር የተቀመጠው አሮጌ ዕቃ ትልቅ ሀብት ነው።

ሌላው አጋፋሪ ሊኑክስ ይባላል። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የፊንላንድ ተወላጅ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1991 እ.ኤ.አ. ጀመረው፤ የሥራውን ውስጠ ነገር ለሁሉ ስለ ገለጠም ከየአገሩ የተነሡ ባለሙያዎች አሳደጉት። ከአፍሪካም ማርክ ሸትልወርዝ የተባለ የደቡብ አፍሪካ ሰው በ2004 እ.ኤ.አ. ኡቡንቱ የተባለውን ዓይነት አወጣ፤ ድርጅቱም ለዓመታት ያህል መጫኛውን በሲዲ አድርጎ ለጠየቀው ሁሉ በፖስታ በነፃ ይልክ ነበር። ዛሬ ለአሮጌ ኮምፒዩተር እኔ የምመርጠው ሊኑክስ ሚንት ኤክስ.ኤፍ.ሲ.ኢ. የሚባለውን ነው። በ2 ጊጋባይት ራም ይነሣል፥ በ4 ጊጋባይት በደስታ ይሠራል፤ መልኩም ዊንዶውስ ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ኮምፒዩተሩ ባለ 32 ቢት ከሆነ ግን ይህ አይሆነውም። ዴቢያን የተባለውም ቢሆን በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በወጣው 13ኛ እትሙ ለ32 ቢት የሚሆን መጫኛ ማዘጋጀቱን ስለ ተወ፥ 12ኛውን እትም መፈለግ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በከተማችን ያለች አንዲት ጎረቤቴ ኮምፒዩተሯ ቢንቀራፈፍባት ወደ ጠጋኝ ወሰደችው። ጠጋኙ «ፎርማት ላድርገው?» ቢላት፥ ቃሉ ማጠብና ማጽዳት መስሏት «አድርገው» አለች። ኮምፒዩተሩ እውነትም ፈጥኖ ተመለሰ፤ ነገር ግን የሟች ባሏ ፎቶግራፎች፥ የልጆቿ ክርስትናና የሠርጓ ሥዕል ሁሉ አልነበሩም። ቅጂም አልነበራትም። ፎርማት ማለት መደምሰስ መሆኑን የነገራት ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ፎቶግራፉን፥ ደብዳቤውን፥ የትምህርት ማስረጃውን በሁለት ቦታ ይገልብጡ፤ አንዱን በውጭ ዲስክ፥ ሌላውን በፍላሽ። ገልብጠውም ዝም አይበሉ፤ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ከፍተው በዓይንዎ ይዩት።

የአማርኛ ጽሑፍ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለበት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፥ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፥ በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የድሮ አሠራር የተጻፈው ሁሉ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የተቀመጠ ነው። የራሱ ፊደል በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ማንም የማያነበው የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆናል። መድኃኒቱም አሮጌው ዊንዶውስ ሳይነሣ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ፥ ይህ ባይቻል ወደ ፒ.ዲ.ኤፍ. አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ስንት የዕድርና የሰበካ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ በዚህ ምክንያት ተነባቢነቱን እንዳጣ ሳስብ ይቆጨኛል።

ይህ ካለቀ ሥራው ቀላል ነው። መጫኛው ወደ 3 ጊጋባይት ስለሚጠጋ በሞባይል ዳታ ማውረዱ ኪስ ይጎዳል፤ ፈጣን መስመር ያለው ወዳጅ መፈለግ ይሻላል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ፥ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያደርሰው ፍላሽ የያዘ መንገደኛ ብቻ ነበር። መጫኛውን 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ ላይ ሩፈስ በተባለው ፕሮግራም ይጽፉታል፤ በፍላሹ የነበረው ሁሉ ግን ይጠፋል። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ዴልና ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ 12ን፥ ኤች.ፒ. ከሆነ ኤፍ 9ን ቢጫኑ ከየት ልነሣ ብሎ ይጠይቃል፤ ፍላሹን ይመርጡለታል።

የሊኑክስ ደግነት ሳይጫን መሞከሩ ነው። ከፍላሹ ላይ ብቻ ተነሥቶ ዋይፋዩ፥ ድምፁና ማተሚያው መሥራታቸውን ያያሉ፤ ካልወደዱት ፍላሹን ነቅለው ወደ ድሮው ይመለሳሉ። ከወደዱት መጫን የሚለውን ይነካሉ። ከዚያ የሚመጣው ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ነውና ቀስ ብለው ያንብቡት፤ አንዱ ምርጫ ከዊንዶውስ ጎን አስቀምጠኝ፥ ሌላው ዲስኩን ደምስሰህ ጫነኝ ይላል። ሥራው በአሮጌ ኮምፒዩተር ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ባትሪ የሌለው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከሆነ ዩ.ፒ.ኤስ. ይዋሱለት፤ መብራት በመካከል ቢጠፋ ተመልሶ ከ«ሀ» መጀመር ይመጣል።

ለአማርኛ ጽሕፈት አይባስ በተባለው የቋንቋ መምረጫ ላይ አማርኛ ሴራ የሚለውን ይጨምራሉ። የእንግሊዝኛውን ኤስ፥ ኢ፥ ኤል፥ ኤ፥ ኤም በተከታታይ ሲመቱ «ሰላም» ተብሎ ይወጣል። ልጆች ይህን ከአዋቂ ፈጥነው ይለምዱታል።

ሁሉን ይፈውሳል ብዬ ግን አላታልልዎትም። ከውስጡ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የሚያሰማ ሃርድ ዲስክ ሊሞት የተቃረበ ነው፤ በኤስ.ኤስ.ዲ. መለወጥ ይሻላል፤ ፍጥነትም የሚጨምረው እርሱ ነው። በሩዝ መፈልፈያ አካባቢ የቆየ ኮምፒዩተር ደግሞ ማራገቢያው በገለባ ብናኝ የታፈነ ሊሆን ስለሚችል ይከፈትና ይጽዳ። ሒሳቡን በፒችትሪ የሚሠራ ነጋዴ ፕሮግራሙ ለዊንዶውስ የተሠራ መሆኑን ይወቅ። እንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ዊንዶውሱን እንደ ያዘ ከኢንተርኔት ተነቅሎ ለሒሳብ ብቻ ይዋል፤ የየወሩም መዝገብ እየተገለበጠ በሌላ ቤት ይቀመጥ።